መዝገቡ ከቤት ሲወጣ

አንድ ጎበዝ የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ምን ይዞ ይወጣል? ላፕቶፑን ያስረክባል፤ የቢሮውን ቁልፍ ይመልሳል፤ የነዳጅ ሒሳቡን ያወራርዳል። ክሊራንሱ ላይ ሁሉም ክፍል ይፈርማል። በዚያ ወረቀት ላይ የማይሰፍር ንብረት ግን አብሮት ይሄዳል። የትኛው የግዢ ኃላፊ ጠዋት ብቻ ስልክ እንደሚያነሳ፣ ማን በዱቤ ወስዶ በቀኑ እንደሚከፍል፣ የማን ውል በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፣ ማን ከአቅራቢው ጋር ተቀያይሞ ሌላ እያማረጠ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ድርጅቱ ለዓመታት ደመወዝ እየከፈለ ያካበተው ዕውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላትና በአንድ ማስታወሻ ደብተር ተጠቅልሎ በበሩ ይወጣል። ብዙ ጊዜም በማግስቱ ተፎካካሪ ቢሮ ይገባል።

የሰፈር ባለሱቅ ይህ ጭንቀት የለበትም። የዱቤ ደብተሩ ከባንኮኒው ሥር ናት፤ ሻጩም፣ መዝጋቢውም፣ ባለቤቱም እሱ ራሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሻጩ አንድ ሰው፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ከሽያጭ ሠራተኞች ብዛት ጋር ይህ ክፍተት እየሰፋ ሄደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮሎዴክስ የተባለው፣ የስም ካርዶች ተሰክተውበት በእጅ የሚሽከረከር መያዣ ገበያ ላይ ዋለ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሮሎዴክስ ውፍረት የአንድ ሻጭ ክብር መለኪያ ሆነ። በ1987 ደግሞ አክት የተባለ የግል ኮምፒውተር ፕሮግራም መጣና ካርዱን ወደ ስክሪን አሻገረው። ስክሪኑ ግን ያው የሻጩ ነበር። መዝገቡ መልኩን ቀየረ እንጂ ባለቤቱን አልቀየረም።

መዝገቡን ከሻጩ እጅ አውጥቶ በኩባንያው እጅ ለማስገባት በትልቁ የተነሳው ሰው ቶማስ ሲብል ነው። ሲብል በ1980ዎቹ የዳታቤዝ ኩባንያ በሆነው ኦራክል ውስጥ ስሙ የገነነ ሻጭና ኃላፊ ነበር። በ1993 ከፓትሪሺያ ሃውስ ጋር ሲብል ሲስተምስን አቋቋመ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ከደንበኛ ጋር የተደረገ እያንዳንዱ ንግግር፣ የተላከ ዋጋ፣ የቀረበ ቅሬታ በአንድ የኩባንያ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ። ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር በኋላ የደንበኛ ግንኙነት አስተዳደር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ደግሞ ሲአርኤም ተባለ። ሲብል በዚህ ገበያ ላይ የሚያህለው ጠፋ። ሚሊኒየሙ ሲለወጥ ዓመታዊ ገቢው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር።

ይህን ሶፍትዌር መግዛት ግን ቤት እንደመሥራት ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፈቃድ ክፍያ ይፈጽማል፤ ገንዘቡ አንድም ሰው አንድ ደንበኛ ሳይመዘግብበት በቅድሚያ ይወጣል። ከዚያ ሰርቨር ይገዛል፤ ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያዘጋጃል፤ ከሥር የሚቀመጠውን ዳታቤዝ ለብቻው ይገዛል። ቀጥሎ አማካሪዎች ይመጣሉ። አማካሪዎቹ የኩባንያውን አሠራር እያጠኑ ሶፍትዌሩን በልኩ ይሰፋሉ፤ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሻጮቹ ማታ ማታ ላፕቶፓቸውን በስልክ መስመር እያገናኙ የቀኑን ሥራ ከዋናው ሰርቨር ጋር ያመሳስላሉ። በልክ የተሰፋ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሻጩ ኩባንያ አዲስ እትም ሲያወጣ፣ ገዢው ያሰፋው ሁሉ እንደገና ተፈትቶ መሰፋት አለበት። ስለዚህ ብዙዎች አዲሱን እትም እያዩ በአሮጌው ላይ ይቀመጡ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ኪሣራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን እንደነበረ ነው። ሶፍትዌሩ ባይሠራ፣ ሻጮቹ ባይወዱት፣ ፕሮጀክቱ ተጓትቶ ቢቀር፣ ሶፍትዌር ሻጩ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። ዕዳው የገዢው ነው። አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ በር አይገባም። ደንበኛን በሥርዓት የመያዝ ጥበብ የሀብታም ኩባንያዎች ቅንጦት ሆኖ ቀረ። የኪራይ ሶፍትዌር ታሪክ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ተነስቶ ሲታይ ነው። ቴክኖሎጂው ትልቅ ነው፤ ከቴክኖሎጂው የሚበልጠው ግን ስጋቱ ከገዢው ትከሻ ወደ ሻጩ ትከሻ መዛወሩ ነው።

ማርክ ቤኒዮፍም የኦራክል ልጅ ነው። በ1964 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ፣ ገና ተማሪ ሳለ ለአታሪ ኮምፒውተሮች ጨዋታ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በ1986 ኦራክል ገባ፤ በ26 ዓመቱ በኩባንያው ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። የኦራክልን መሥራች ላሪ ኤሊሰንን እንደ አስተማሪ የሚያይ፣ ኤሊሰንም እንደ ልጁ የሚያቀርበው ሰው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የእረፍት ፈቃድ ወስዶ ሃዋይና ህንድ ሲሄድ አእምሮው ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ጥያቄ ነበር። ማንኛውም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭን፣ በብራውዘር ብቻ ከአማዞን መጽሐፍ ይገዛል። የኩባንያ ሶፍትዌር ለምን እንዲህ አይሆንም?

መልሱን የሚገነቡለትን ሰዎች ያገኘው ሌፍት ኮስት ሶፍትዌር ከተባለ ትንሽ ድርጅት ነው። ፓርከር ሃሪስ፣ ዴቭ ሞለንሆፍና ፍራንክ ዶሚንጌዝ የሽያጭ ሶፍትዌር የመጻፍ ልምድ ነበራቸው። አራቱ መጋቢት 8 ቀን 1999 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቴሌግራፍ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ፣ ከቤኒዮፍ መኖሪያ ጎን በተከራዩት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ሥራ ጀመሩ። ጠረጴዛዎቹ የካርታ መጫወቻ፣ ወንበሮቹ የሚታጠፉ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የዳላይ ላማና የአልበርት አንስታይን ፎቶ ተሰቅሏል። በወር ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያውን ናሙና አቆሙ። ገጹ አማዞንን ሆን ብሎ ይመስል ነበር፤ ከላይ በኩል እንደ ፋይል ጆሮ የተደረደሩት ትሮች ሳይቀሩ ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። ስሙንም ሳይሸፋፍኑ ሴልስፎርስ ዶት ኮም አሉት፤ የሽያጭ ኃይል እንደማለት ነው።

ኤሊሰን 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በቦርዱም ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ ግን ኦራክል ራሱ ተመሳሳይ የኢንተርኔት የሽያጭ አገልግሎት ማዘጋጀቱ ታወቀ። በአንድ እጅ ዘር የሰጠ ሰው በሌላ እጁ ማሳውን ሊያርስበት ነው። ቤኒዮፍ የቀድሞ አለቃውን ከቦርዱ እንዲለቅ ጠየቀ፤ ከክርክር በኋላም በ2000 ኤሊሰን ወጣ፤ የአክሲዮን ድርሻው ግን አልተነካም። ከዓመታት በኋላ ድርሻው ብዙ እጥፍ ሆኖ መለሰለት።

አዲሱ አገልግሎት በየካቲት 2000 በይፋ ሲመረቅ ምልክቱ አንድ ቃል ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ነበር። ቃሉ ሶፍትዌር የሚለው ነው። ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ሶፍትዌር ይብቃ ብሎ መፈክር ማንሳቱ ለቴክኖሎጂ ሰዎች ግራ ነበር፤ ለገዢዎች ግን በትክክል ይገባቸዋል። መጫን፣ ማመሳሰል፣ ማሳደስ፣ አማካሪ መጥራት ይብቃ ማለት ነው። በዚያው ወር ሲብል ሲስተምስ ደንበኞቹን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲሰበስብ፣ ሴልስፎርስ የቀጠራቸው ተዋንያን በአዳራሹ ደጅ መፈክር ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መስለው ማይክ የያዙም ነበሩበት። ሲብሎች ፖሊስ ጠሩ። የፖሊሱ መምጣት ትዕይንቱን ዜና አደረገው። አንድም ዶላር ለማስታወቂያ ጊዜ ያልተከፈለበት ያ ሰልፍ፣ ትንሹን ኩባንያ ከግዙፉ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባው።

ዋጋው በተጠቃሚ በወር 50 ዶላር ነበር። ይህ ቁጥር ከሚመስለው በላይ ብልሃት አለበት። በብዙ ኩባንያዎች ውስጥ ትልቅ ግዢ የፋይናንስና የኮምፒውተር ክፍሉን ፊርማ፣ የቦርድ ውሳኔም ይጠይቃል። አንድ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ግን ለአምስት ሠራተኞቹ 250 ዶላር በወር በክሬዲት ካርዱ ከፍሎ ከሰዓት በኋላ ሥራ መጀመር ይችላል። ማንንም አያስፈቅድም። ባይወደው በወሩ መጨረሻ ይተዋል። ሶፍትዌሩ በኩባንያዎቹ ዋና በር ከመግባት ይልቅ በጓሮ ገባ፤ ሥራ አስኪያጆቹ ቀና ብለው ሲያዩ ግማሹ ክፍል ተጠቅሞበታል።

ይህን ዋጋ ያስቻለው የግንባታው ዓይነት ነው፤ ምዕራፉም ጥቂት ሊቆይበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌርን በኢንተርኔት ማከራየት የቤኒዮፍ ግኝት አልነበረም። በ1960ዎቹ ኩባንያዎች የትልቅ ኮምፒውተርን ጊዜ በሰዓት ይከራዩ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻም ነባር ሶፍትዌሮችን በራሳቸው ማዕከል እያስቀመጡ የሚያከራዩ ድርጅቶች በዝተው ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ ዩኤስ ኢንተርኔትወርኪንግ በ2002 መጀመሪያ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ስህተታቸው በቀላል ምሳሌ ይገባል። ለእያንዳንዱ ተከራይ ለብቻው ቪላ ይሠሩ ነበር። አንድ ደንበኛ ሲመጣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ የሶፍትዌር ቅጂ። መቶ ደንበኛ ሲመጣ መቶ ግቢ፣ መቶ ዘበኛ፣ መቶ የውሃ ቧንቧ። ደንበኛ በበዛ ቁጥር ወጪውም እኩል ይበዛል፤ ኪራዩ ጥገናውን አይሸፍንም።

ሃሪስና ጓደኞቹ የሠሩት ኮንዶሚኒየም ነው። ሕንፃው አንድ፣ መሠረቱ አንድ፣ ደረጃው የጋራ፣ የውሃ መስመሩ የጋራ፤ የየቤቱ በር ቁልፍ ግን የየራሱ። በቴክኒክ ቋንቋ ሲገለጽ፣ የሺህ ኩባንያዎች ደንበኞች ስም በአንድ ዓይነት ሠንጠረዦች ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ግን የባለቤቱ ኩባንያ መለያ ቁጥር አለ። አንድ የቺካጎ የቧንቧ ዕቃ አከፋፋይ ደንበኞቹን ሲጠራ፣ ሥርዓቱ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ያንን መለያ ቁጥር ራሱ ይጨምራል። በግድግዳው ማዶ ያለው የዴንቨር መድን ድርጅት በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ አከፋፋዩ አያውቅም።

ቀጣዩ ጥያቄ ከባድ ነበር። ሁሉም ድርጅት የራሱ መልክ አለው። አከፋፋዩ የቧንቧ ውፍረት መመዝገብ ይፈልጋል፤ መድን ድርጅቱ የመኪና ሰሌዳ። ግድግዳ ሳያፈርሱ ለእያንዳንዱ ተከራይ እንዴት የተለየ ክፍል ይከፈላል? መሐንዲሶቹ በሠንጠረዡ ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ምንም ዓይነት ነገር የሚቀበሉ በርካታ ባዶ ዓምዶች አዘጋጁ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ መዝገብ አለ፤ ለዚህ ተከራይ ሦስተኛው ዓምድ የቧንቧ ውፍረት ነው፣ ለዚያ ተከራይ ያው ሦስተኛ ዓምድ የመኪና ሰሌዳ ነው ብሎ ይተረጉማል። ድርጅቱ አዲስ መስክ ሲጨምር ዳታቤዙ አይነካም፤ የትርጉም መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ከሲብል ዘመን ጋር ሲነጻጸር፣ ያኔ አማካሪ ለሳምንታት የሚቀመጥበት ሥራ በአንድ ኃላፊ ጣት በደቂቃዎች ያልቃል።

የጋራ ሕንፃ የጋራ ሥነ ሥርዓት ይፈልጋል። አንዱ ተከራይ ቀኑን ሙሉ ቧንቧ ከከፈተ ላይኛው ፎቅ ውሃ አይደርስም። በኋላ ላይ ደንበኞች በሕንፃው ውስጥ የራሳቸውን ፕሮግራም እንዲጽፉ ሲፈቀድ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ መጠየቅ፣ ምን ያህል የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ መያዝ እንደሚቻል የማይታለፍ ገደብ ተደረገ። ከገደቡ ያለፈ ፕሮግራም ወዲያው ይቆማል። በዚህ መድረክ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ዛሬም ስለእነዚህ ገደቦች ሲማረሩ ይሰማል፤ የሌላው ተከራይ ፕሮግራም የእነሱን ያላፈነው ግን በዚሁ ገደብ ነው። ከሁሉ የሚገርመው እድሳቱ ነው። ሕንፃው አንድ ስለሆነ በዓመት ሦስት ጊዜ አዲስ እትም ሲወጣ ሁሉም ተከራይ አብሮ ይታደሳል፤ ባለ አምስት ሠራተኛው ድርጅትና ባለ አምስት ሺህ ሠራተኛው ባንክ በአንድ ሰሞን ያንኑ አዲስ መሣሪያ ያገኛሉ።

ለገዢው እንዲህ የቀለለው ነገር ለሻጩ ግን ነፍስ የሚያስጨንቅ ነበር። አሮጌው ሞዴል ገንዘቡን ዛሬ ይሰበስባል። የኪራይ ኩባንያ ሕንፃውን ዛሬ ሠርቶ፣ ሻጭ ዛሬ ቀጥሮ፣ ኪራዩን በወር በወር ይለቅማል። ባደገ ቁጥር ይራባል። የ2000 እና 2001 የኢንተርኔት ኩባንያዎች ውድቀት ሲመጣ፣ ብዙዎቹ የሴልስፎርስ ቀደምት ደንበኞች ራሳቸው ጀማሪ ድርጅቶች ስለነበሩ አብረው ጠፉ፤ አዲስ ገንዘብ የሚያመጣ ባለሀብትም አልተገኘም። ኩባንያውን ያዳነው ውሉን መለወጥ ነው። ከቀደምት ባለሀብቶቹ አንዷ የሆነችው ማግዳሌና የሲል ደንበኞች የዓመት ኪራይ በቅድሚያ እንዲከፍሉ መደረግ አለበት ብላ ገፋች። በፈለጉ ጊዜ መውጣት የሚለው ቃል የኩባንያው ማንነት ስለነበር ቤኒዮፍ መጀመሪያ ከበደው፤ በመጨረሻ ግን ዓመቱን አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ተደረገና ገንዘቡ ገባ።

ይህች ለውጥ በብዙዎቹ ታሪኮች ውስጥ በአንድ መስመር ትታለፋለች፤ ሊታለፍ አይገባም። የስጋቱ ሚዛን ገዢው ዘንድ ትንሽ የተመለሰው በዚያች ቀን ነው። በየወሩ ደንበኛን መልሶ ማሸነፍ ያለበት ሻጭ፣ በየዓመቱ ማሸነፍ ያለበት ሻጭ ሆነ።

ያም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ2005 ሥራ አስፈጻሚዎቹ በተሰበሰቡበት ከመካከላቸው አንዱ ዴቪድ ዴምፕሲ ተነስቶ ስለ ዕድገት ሲጨበጨብ የነበረውን ቤት ጸጥ አሰኘው። በወር 8 በመቶ የሚሆነው ደንበኛ እየለቀቀ ነበር። በወር 8 በመቶ ማለት በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ደንበኛ ማጣትና በአዲስ መተካት ማለት ነው፤ የሚያፈስ እንስራ በውሃ ለመሙላት እንደመሞከር ነው። የሚለቁት ለምን እንደሆነ ሲጠና፣ ሶፍትዌሩ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ድርጅቶቹ ይከፍላሉ፣ ሠራተኞቻቸው ግን አይገቡበትም። ስለዚህ ሥራው ሽያጭ ያልሆነ፣ ጥገናም ያልሆነ አዲስ ክፍል ተቋቋመ፤ ደንበኛው በትክክል እየተጠቀመ መሆኑን በየዕለቱ የሚከታተል፣ የማይገባበት ሲበዛ ሳይጠራ ደውሎ የሚያሠለጥን። ይህ ሙያ ዛሬ በመላው የሶፍትዌር ዓለም የደንበኛ ስኬት ተብሎ ይጠራል። በፈቃድ ሽያጭ ዘመን ሊስፋፋ አይችልም ነበር። ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ዕቃው ሥራ ላይ ዋለ አልዋለ ብሎ ማን ይደውላል?

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሌላ ፈተና መጣ። የዓመት መዝጊያ ሽያጭ በሚጧጧፍበት ሳምንት አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ሰርቨሩ በራስ ቢሮ ሲበላሽ ቢያንስ የሚጮኹበት የቤት ሰው አለ፤ እዚህ ግን ሺዎች በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ፣ ኩባንያውም መጀመሪያ ላይ ዝምታን መረጠ። ትችቱ ሲበረታ ተቃራኒውን አደረገ። በ2006 መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰርቨር ጤንነት በቀለም ምልክት ለማንም የሚያሳይ ይፋዊ ገጽ ከፈተ፤ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪም ጋዜጠኛም ያየዋል። ዛሬ ይህን የማያደርግ የክላውድ፣ ማለትም አገልግሎቱን በኢንተርኔት የሚያከራይ፣ ኩባንያ ማግኘት ይቸግራል።

ገበያው በእነዚያ ዓመታት በፍጥነት ዞረ። ሴልስፎርስ በሰኔ 2004 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በ11 ዶላር ዋጋ አክሲዮኑን አቅርቦ 110 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 2005፣ ኦራክል ሲብል ሲስተምስን በ5.85 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አስታወቀ። ሲብል የኢንተርኔት ኪራዩን ሞክሮት ነበር፤ ነገር ግን በርካሽ የሚያከራየው በውድ የሚሸጠውን እየበላ እንዳያስቸግረው ልቡ ሁለት ሆነ። በህንድ ቼናይ ሥር የሰደደው የስሪድሃር ቬምቡ ዞሆ በ2005 በጣም ርካሽ የሆነ ሲአርኤም ይዞ ብቅ አለ፤ ማይክሮሶፍት በ2008 በኢንተርኔት የሚከራየውን አቀረበ፤ ሃብስፖት በ2014 መነሻውን በነጻ ሰጠ። የክላውድ ወሬን በአደባባይ ያጣጣለው ኤሊሰን የመሠረተው ኦራክልም በ2016 የኪራይ ሶፍትዌር ኩባንያ የሆነውን ኔትስዊትን በ9.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሴልስፎርስ ነሐሴ 2020 በዳው ጆንስ መለኪያ ውስጥ የኤክሶን ሞቢልን ቦታ ወሰደ፤ በጥር 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመት ገቢው ወደ 38 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከኮረብታው አፓርታማ የጀመረው ቤት አሁን በሳን ፍራንሲስኮ ሰማይ ላይ ባለ 61 ፎቅ ሕንፃ ነው።

ስለ ኩባንያዎቹ ይህን ያህል ሲነገር ስለ ሻጩ ዝም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። መዝገቡ ከእሱ እጅ ወጥቷል። ዛሬ ቢሮ ከመድረሱ በፊት አለቃው በስልኩ ላይ ትናንት ስንት ደወለ፣ የትኛው ድርድር ሦስት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ የሚለውን በቀለም ግራፍ ያያል። ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሻጩ ከደንበኛ ጋር ሊያሳልፈው የሚችለውን ሰዓት ቅጽ በመሙላት ያሳልፋል። ደንበኛውም ራሱ ሳይጠየቅ በማያውቀው ሀገር ሰርቨር ላይ ስሙ፣ ስልኩ፣ የልጁ ልደት ቀን፣ መቼ እንደተቆጣ ጭምር ተጽፎ ይገኛል። ለሻጭ ማስታወሻ ደብተር የተነገረ ነገር ለዘለዓለም ለሚኖር ዳታቤዝ አልተነገረም ነበር።

ሕንፃው ላይ የሚደርሰው አደጋም እንደ ሕንፃው የጋራ ነው። በግንቦት 2019 የተሳሳተ አንድ የጥገና ፕሮግራም በብዙ ኩባንያዎች ውስጥ ለሠራተኛው ሁሉ የኩባንያውን መረጃ በሙሉ የማየትና የመለወጥ መብት ሰጠ። የጎረቤት በር አልተከፈተም፤ የየቤቱ የውስጥ በሮች ግን ሁሉ ተበረገዱ። ሴልስፎርስ ጉዳቱን ለማስቆም ሰርቨሮቹን ሲዘጋ ምንም ያልደረሰባቸው ጎረቤቶችም ሥራ ፈትተው ዋሉ። በነሐሴ 2025 ደግሞ ሌቦቹ በሕንፃው በር አልመጡም። ድሪፍት ከተባለ፣ ከሴልስፎርስ ጋር ተያይዞ ከሚሠራ የሌላ ኩባንያ የውይይት መሣሪያ የመግቢያ ቁልፎችን ሰርቀው በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶችን የደንበኛ መዝገብ ቀዱ። ከተጎዱት መካከል ክላውድፍሌርና ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ሌላውን ከሌባ በመጠበቅ የሚተዳደሩ ናቸው።

ታዲያ ከሕንፃው መውጣት ይቻላል? የቪቫ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፒተር ጋስነር ከሴልስፎርስ ለቆ በ2007 ቪቫን ሲመሠርት፣ ለመድኃኒት አምራቾች የሚሆነውን ሲአርኤም የሠራው እዚያው በሴልስፎርስ መድረክ ላይ ነበር። ተከራይ ሆኖ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁም አደገ፤ በ2013 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በታኅሣሥ 2022 ግን ውሉ በመስከረም 2025 ሲያልቅ እንደማያድስና ደንበኞቹን ራሱ ወደ ሠራው ቤት እንደሚያዛውር አስታወቀ። ሴልስፎርስም በበኩሉ ለመድኃኒት አምራቾች የራሱን ምርት ማዘጋጀት ጀመረ። ቪቫ በቢሊዮን የሚገመት ኩባንያ ነው፤ ያም ሆኖ ደንበኞቹን ሁሉ አዛውሮ ለመጨረስ እስከ 2030 የሚደርስ የመሸጋገሪያ ጊዜ ያዘ።

ባለ አምስት ሠራተኛው ድርጅት ያ አቅም የለውም። እሱ ያለው በቅንብሮቹ ገጽ ላይ የመረጃ ማውጫ የሚል አንድ ትእዛዝ ነው። እንደ ከፈለው የኪራይ ደረጃ በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ይጫነዋል፤ ሥርዓቱ መዝገቡን ሁሉ ጠቅልሎ የታመቀ ፋይል ያዘጋጅና በኢሜይል ያስታውቀዋል። ፋይሉ ለ48 ሰዓት ይቆያል። ሲከፈት በውስጡ ስሞች፣ ስልኮች፣ ቀኖችና ዋጋዎች በረድፍ ተደርድረው ይገኛሉ። ሦስት ሳምንት የተቀመጠውን ድርድር ለአለቃ የሚጠቁመው ደንብ፣ ውል ከማለቁ 60 ቀን አስቀድሞ ለሻጩ ማሳሰቢያ የሚልከው ትእዛዝ፣ ለዓመታት እየተጨመረ የድርጅቱ አሠራር የሆነው ሁሉ ግን በእነዚያ ረድፎች ውስጥ የለም። እሱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቀራል።